ሁለተኛውን ሐዲድ ከመዘርጋታችሁ በፊት

ልጆች፣ እንደምን ከርማችኋል። ዕድሜዬን በመንገድና በሐዲድ ቅየሳ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በኮምፒውተር ላይ የባቡር መስመር መሥራት ለምጃለሁ፤ የናንተንም ሥራ አያለሁ። ለገሃርን፣ ሞጆን፣ የከተማችንን ቀላል ባቡር በስክሪን ላይ ስትሠሩ ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። ለዚህ ነው ስለ ድርብ ሐዲድ፣ ማለትም ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ሁለት ሐዲዶች፣ የማውቀውን ልነግራችሁ የተነሳሁት።

አብዛኞቻችሁ የመጀመሪያውን ሐዲድ አሳምራችሁ ትዘረጋላችሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ትቸኩላላችሁ። የመጀመሪያውን ኮፒ አድርጋችሁ 4 ሜትር ወደ ጎን ትገፉታላችሁ፤ ወይ በዓይን ግምት ጎን ለጎን ትስላላችሁ። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ምንም አይል። ጉዱ የሚወጣው ኩርባው ላይ ነው።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። መስመሩ ወደ ሰሜን ይሄዳል እንበል። ኮፒውን 4 ሜትር ወደ ምሥራቅ ገፋችሁት። መነሻው ላይ በሁለቱ መሃል 4 ሜትር አለ። መስመሩ ወደ ምሥራቅ 30 ዲግሪ ሲታጠፍ ክፍተቱ 3.46 ሜትር ይሆናል። 60 ዲግሪ ላይ 2 ሜትር ብቻ ይቀራል። 90 ዲግሪ ሞልቶ መስመሩ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ሲል አንዱ ሐዲድ ሌላው ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የመንገደኛ ፉርጎ ወርዱ 3 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ገና 60 ዲግሪ ሳይደርስ ሁለቱ ባቡሮች አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ያልፋሉ።

መፍትሔው ሁለቱ ኩርባዎች የጋራ መሃል እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። የውስጠኛው ራዲየስ 300 ሜትር ከሆነ የውጨኛው 304 ይሁን። ያኔ ክፍተቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ 4 ሜትር ሆኖ ይዘልቃል። ርዝመታቸው ግን እኩል አይሆንም። ለ90 ዲግሪ ኩርባ ውጨኛው በ6.28 ሜትር ይበልጣል። ራዲየሱ 300 ይሁን 3000 ልዩነቱ ያው 6.28 ነው። የሚወስነው የመታጠፊያው ማዕዘንና የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት ብቻ ነው። ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ይገርመኛል።

ሐዲዱን በማውስ እየሳባችሁ የምትዘረጉበት ኤዲተር ካላችሁ፣ ከአንድ ሐዲድ እኩል ርቀት ጠብቆ ሌላ የሚያወጣው፣ ኦፍሴት የሚባለው መሣሪያ ይህን ሁሉ ሒሳብ ይሠራላችኋል። እሱን ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 እንደወጣው የባቡር መንዳት ጨዋታ፣ ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር፣ በተዘጋጀ የሐዲድ ቁርጥራጭ ለምትሠሩ ግን ነገሩ ይከብዳል። አንድ ዓይነት ራዲየስ ያለው ቁራጭ ለውስጡም ለውጩም አይሆንም። ባለ ሁለት ሐዲድ ቁራጭ ስላለ ኩርባውን በእሱ ሥሩት። ኮምፒውተራችሁ ደከም ያለ ከሆነም አይዟችሁ፤ እንዲህ የተሠራ መስመር ኦፕን ሬይልስ በሚባለው ነፃ የባቡር ጨዋታ ላይም ይሄዳል።

ርቀቱ የሚለካው ከአንዱ ሐዲድ መሃል እስከ ሌላው ሐዲድ መሃል ነው። ይህን የሚስት ብዙ ሰው አያለሁ። የአንዱ ሐዲድ ወርድ፣ በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው፣ 1435 ሚሊሜትር ነው። 4 ሜትሩን ከሐዲድ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ሐዲድ ጠርዝ ከለካችሁት፣ ከመሃል እስከ መሃል 5.5 ሜትር ገደማ ይሆንባችኋል። ስንት ሜትር ይሁን ለሚለው ደግሞ መልሱ እንደ ፍጥነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው የጃፓኑ ቶካይዶ ሺንካንሰን 4.2 ሜትር ነው። የቤጂንግ ሻንጋይ ፈጣን መስመር 5 ሜትር ነው። ባቡሮቹ በፍጥነት ሲተላለፉ አየሩ ስለሚገፋቸው ነው እንዲህ የሚራራቁት።

ጠባብ ኩርባ ላይ የሁለቱን ሐዲዶች ርቀት ጥቂት ጨመር አድርጉ። ረጅም ፉርጎ ሲታጠፍ መሃሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ከፉርጎው ሥር ጎማዎቹን የያዙት የሁለቱ ቦጊዎች ርቀት 18 ሜትር ከሆነ፣ በ300 ሜትር ራዲየስ ላይ መሃሉ ብቻ 13.5 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። የውጨኛው ባቡር መሃል ወደ ውስጠኛው ይጠጋል፤ የውስጠኛው ጫፍም ወደ ውጨኛው ይወጣል።

ጣቢያ ላይ ፕላትፎርሙ በሁለቱ መሃል የሚገባ ከሆነ ሐዲዶቹ አስቀድመው መለያየት አለባቸው። እዚህ ላይ ቦታ አትሰስቱ። አንዱን ሐዲድ 3 ሜትር ወደ ጎን ለማውጣት፣ በ1000 ሜትር ራዲየስ ግራና ቀኝ ኩርባ፣ 110 ሜትር ያህል ርዝመት ይወስድባችኋል። በ20 ሜትር ውስጥ ሲጠመዘዝ ያየሁት አለ። ባቡር እንደ መኪና መሪውን ጠምዝዞ አይዞርም።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን እውነተኛውን መስመር እንድታጠኑ ነው። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከስታዲየም እስከ ልደታ የምሥራቅ ምዕራቡም የሰሜን ደቡቡም መስመር የሚሄዱት በአንድ ድርብ ሐዲድ ላይ ነው። ሁለት መስመር ስለሆነ አራት ሐዲድ የሚዘረጋ አለ፤ ልክ አይደለም። የጅቡቲው መስመርም ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው። ከአዳማ በኋላ ነጠላ ይሆናል፤ ባቡሮቹ የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ በሚገኝ ማሳለፊያ ነው። ድርብ ያምራል ብላችሁ እስከ ድሬዳዋ አትዘርጉት። ነጠላው ላይ አንዱ ባቡር ቆሞ ሌላውን ሲጠብቅ የሚነዳው ልጅ የመስመሩን ጠባይ ያውቃል።

ስለዚህ ከሰበታ የምትጀምሩ ከሆነ የመጀመሪያውን ሐዲድ ብቻ ይዛችሁ በለቡ፣ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጋችሁ አዳማ ድረስ ሂዱ። ዳገቱንም ኩርባውንም በእሱ ላይ ጨርሱ። ባቡር ንዱበት። ሲረጋ ሁለተኛውን ከእሱ ላይ በኦፍሴት አውጡ። ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን ስዊቾች፣ አዳማ ላይ ድርቡን ወደ ነጠላ የሚያስገባውንም ጭምር፣ መጨረሻ ላይ አስገቧቸው። ቀድማችሁ ካስገባችኋቸው ሐዲዱን በነካካችሁ ቁጥር አብረው ይፈርሳሉ።