ጀበናው ሳይሰበር፣ ማሩ ሳይፈስ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዕቃ በፖስታ ስለ መላክ ናቸው። ለአምስቱ መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ላለችው ልጄ ጀበናና ስድስት ሲኒ በጋዜጣ ጠቅልዬ ላኩላት። ካርቶኑን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌው ነበር። ሲደርሳት የጀበናው አንገት ተቀንጥሷል፣ ሁለት ሲኒም ተሰብሯል። ካርቶኑ ግን ምንም አልሆነም። ይህ እንዴት ይሆናል? (ከሄርማታ)

መልስ፦ እናታችን፣ ካርቶኑ ደህና መድረሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። ዕቃው የተሰበረው ውስጥ ለውስጥ እየተጋጨ ነው። የተጨማደደ ጋዜጣ መጀመሪያ ካርቶኑን የሞላ ይመስላል፤ እስከ አዲስ አበባ ባለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሲናጥ ግን እየታመቀ ክፍተት ይተዋል። ከዚያ በኋላ ካርቶኑ አንዴ ከተጣለ ጀበናው በዚያ ክፍተት ውስጥ ተወርውሮ ከግድግዳው ይላተማል። የጀበና ደካማ ቦታዎች ሁለት ናቸው፦ አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበትና እጀታው የተለጠፈበት።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከአንገቱ ነው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ይሙሉት። ቀጥሎ አንገቱን ከሆዱ ውፍረት ጋር እስኪስተካከል ድረስ በጨርቅ ወይም በባብል ራፕ (አየር በተቋጠረበት ስስ ፕላስቲክ) ይጠቅልሉት፤ ጀበናው አንገት የሌለው ድቡልቡል ነገር መምሰል አለበት። ከዚያ ሙሉውን ሁለት ሦስት ዙር ባብል ራፕ አልብሰው ጥብቅ ብሎ በሚይዘው ትንሽ ካርቶን ውስጥ ያስገቡት። ይህን ካርቶን ደግሞ በትልቅ ካርቶን ውስጥ ያድርጉት። በሁለቱ መካከል በስድስቱም ጎን፣ ከታችም ጭምር፣ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይተዉና በእጅ እየተጫኑ በወረቀት ይሙሉት። ክዳኑ ሲዘጋ ትንሽ መገፋት አለበት። ዘግተው ይነቅንቁት፤ አንዳች ድምፅ ከተሰማ ከፍተው ይጨምሩበት።

ሲኒዎቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ አይደራርቡ። ካርቶኑ ሲመታ የላይኛው እንደ ሽብልቅ ገብቶ የታችኛውን ከአፉ ይሰነጥቀዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልለው በካርቶን ቁራጭ በተከፋፈለ ሳጥን ውስጥ በአፉ ይድፉት። ማስቀመጫ ሰሃኖች ካሉ በጠርዛቸው ይቁሙ እንጂ አይተኙ።

ስለ ፕላስተሩም አንድ ነገር እንበል። ብዙ ፕላስተር የካርቶኑን ግድግዳ አያጠነክረውም። 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ወስደው የመሃሉን መጋጠሚያና ሁለቱን የዳር መጋጠሚያዎች፣ ከላይም ከታችም፣ ካሸጉ ይበቃል። ጥንካሬ የሚሰጠው ራሱ ካርቶኑ ነው። መሃሉ ሞገድ ያለው፣ ማዕዘኑ ያልተጎዳ፣ እርጥበት ያልነካው ይምረጡ። በጅማ ክረምት ከሱቅ ደጃፍ የተነሳ ካርቶን እርጥበት ጠጥቶ ስለሚልፈሰፈስ ሌላ ዕቃ ሲጫነው ይጨፈለቃል።

ጭድ ወይም ደረቅ የኮባ ቅጠል ለአገር ውስጥ ጥሩ መሙያ ነው። ወደ ውጭ አገር ግን አያድርጉት፤ ተባይና አፈር ይዟል ተብሎ ጥቅሉ ሊያዝ ይችላል።

መጨረሻ ላይ መፈተን ይገባል። ጥቅል የሚፈትኑ ባለሙያዎች ከ10 ኪሎ በታች የሆነውን ከ76 ሴንቲሜትር ከፍታ 10 ጊዜ ይጥሉታል፦ አንዴ በማዕዘኑ፣ 3 ጊዜ በጠርዙ፣ 6 ጊዜ በየገጹ። 76 ሴንቲሜትር የጠረጴዛ ከፍታ ያህል ነው። አሮጌ ጀበና በዚሁ መንገድ ጠቅልለው ይጣሉት፤ እሱ ከተረፈ አዲሱን ይላኩ።

ጥያቄ፦ ለአዲስ አበባ ደንበኛዬ የላክሁት ማር መንገድ ላይ ክዳኑን ገፍቶ ፈሰሰ። ዕቃውን አጥብቄ ዘግቼው ነበር። (ከጅሬን)

መልስ፦ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ወደ ጊቤ በረሃ ሲወረድ ማሩ ይቀጥናል፣ መጠኑም በትንሹ ይጨምራል፤ ዕቃው እስከ አፉ ከተሞላ መሄጃ የለውም። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ ውስጡ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ የሚበልጥ ማር ይቦካል፣ ሲቦካም ጋዝ ይፈጥራል። ሰፈፉ ሳይበስል የተቆረጠ ማር እንዲህ ነው። አረፋና የጠጅ ሽታ ካለው በምንም ዕቃ አሽገው አይላኩት።

ደህናውን ማር በጠመዝማዛ ክዳን በሚዘጋ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ያድርጉ፤ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ይጉደል። ከክዳኑ በታች ቀጭን ፕላስቲክ ያንጥፉ፤ ክዳኑን በሚጠብቅበት አቅጣጫ በፕላስተር ይዙሩት። ከዚያ በወረቀት ላይ ደፍተው ያሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ በሁለት ፌስታል፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ቋጥረው፣ በመካከላቸው ጨርቅ አድርገው ያሽጉ። ቢፈስ እንኳ የሌላ ሰው ዕቃ አይበላሽም። ክብደቱንም አስቀድመው ያስሉት፦ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ባለ 5 ሊትሩ 7 ኪሎ ነው ማለት ነው። የረጋ ማር ካለዎት እሱን ያስቀድሙ፤ ለመንገድ ከቀጭኑ ይሻላል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለግል የሚላክ ማር ከ2 ኪሎ መብለጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ በስድስቱም ጎን «ተሰባሪ» ብሎ መጻፍ ይጠቅማል? (ከቦሳ አዲስ)

መልስ፦ ይጻፉት፣ ግን አይተማመኑበት። ጥቅሉ በከረጢት ውስጥ ከሌሎች ጋር ሲታጨቅ ጽሑፉን የሚያይ የለም። «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በየትኛውም ጎን ቢወድቅ እንዲተርፍ አድርገው ይጠቅልሉት።

ጥያቄ፦ የተቆላ ቡና አሽጌ ስልከው ከረጢቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ተበላሽቶ ነው? (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ አልተበላሸም። ገና የተቆላ ቡና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ የታሸገ ከረጢት ሊያፈነዳ ይችላል። ሳይፈጩ፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ ከ2 እስከ 3 ቀን አቆይተው ያሽጉት። አየር ማስወጫ ያለው የቡና ከረጢት ካገኙ ይበልጥ ጥሩ ነው። ከረጢቱን በመርፌ መብሳት ግን መዓዛውን ያስወጣል፣ እርጥበት ያስገባል።

ጥያቄ፦ አድራሻው በዝናብ ታጥቦ ጥቅሌ ተመለሰብኝ። ምን ላድርግ? (ከመርካቶ ሰፈር)

መልስ፦ ውሃ በማያስለቅቀው ማርከር ይጻፉና በላዩ ግልጽ ፕላስተር ይለጥፉበት። የላኪንና የተቀባይን ስም፣ ስልክና የፖስታ ሳጥን ቁጥር በሌላ ወረቀት ጽፈው ካርቶኑ ውስጥም ያስቀምጡ፤ የውጩ ቢጠፋ ጥቅሉ ባለቤቱን ያገኛል። ለውጭ አገር አድራሻው በላቲን ፊደል ይሁን። ካርቶኑ ያገለገለ ከሆነ የቀድሞውን አድራሻና የመስመር ኮድ (ባርኮድ) ይላጡት ወይም ይሸፍኑት።

ካርቶኑን ቤት ጨርሰው አያሽጉት። ፖስታ ቤት ይዘቱ ሊታይ ስለሚችል ፕላስተርና መቀስ ይዘው ሄደው እዚያው ይዝጉት። ከመዝጋትዎ በፊት ውስጡን በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። ዕቃው ተሰብሮ ከደረሰ ተቀባዩ ካርቶኑንና መሙያውን ሳይጥል ለፖስታ ቤቱ ያሳይ።