የልጅ ቃል «ማስረጃ» ይባላል?

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በሕፃን ላይ ስለተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ሲወራ «ያለው የልጅቷ ቃል ብቻ ነው፤ ማስረጃ የለም» ሲባል እሰማለሁ። ቃል ማስረጃ አይባልም? «ይከላከል ተባለ» ሲሉስ ተፈረደበት ማለታቸው ነው?

መልስ፦ ይባላል። በእንዲህ ያለ ክስ ብዙ ጊዜ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ስሕተቱ የመጣው በዕለት ንግግራችን «ማስረጃ» ወረቀት ማለት ሆኖ በመቅረቱ ነው። የትምህርት ማስረጃ እናቀርባለን፣ ከወረዳ ማስረጃ እናጽፋለን፤ ማኅተም ካላየን ማስረጃ ያየን አይመስለንም። ቃሉ ግን የወጣው «አስረዳ» ከሚለው ግስ ነው፤ ነገሩን ለዳኛው የሚያስረዳ ሁሉ ማስረጃ ነው። ምስክርነትም፣ ሰነድም፣ የሐኪም አስተያየትም፣ በኤግዚቢትነት የተያዘ ልብስም።

ድርጊቱ ሰው በሌለበት የሚፈጸም ስለሆነ የዓይን ምስክር እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የልጅቷን ቃል ይመዝናል፦ ዋናው ነገር ከፖሊስ እስከ ችሎት ጸንቷል? በዕድሜዋ ልትፈጥረው የማትችለው ዝርዝር አለው? መጀመሪያ ለማን፣ በምን ሁኔታ ተናገረች? ያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ ማን ነበር ከሚለው የሌሎች ምስክርነት ጋር ይገጥማል? ቀንና ሰዓት ማምታታቷ ብቻውን ውሸታም አያደርጋትም፤ ትንሽ ልጅ ያለፈውን ሁሉ «ትናንት» ትላለችና።

ቋንቋ ነገር የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ቃል ላይ «ደፈረኝ» ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ የተከሳሹ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ «ይህን ቃል ማን አስተማረሽ?» ይላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ልጅቷ ያለችው በራሷ አባባል ይጻፍ። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው፤ «እንደነካት ነገረችኝ» ከማለት «‹እዚህ ጋ ነካኝ› አለችኝ» ብሎ ቃሏን እንዳለ መመስከር ይቻላል። «አባለጋት» የሚለው ጨዋ አነጋገር ደግሞ የትኛው ድርጊት እንደተፈጸመ ስለማይለይ ለዳኛ አይጠቅምም።

አጠያየቁም እንዲሁ ነው። «ምን አደረገሽ?» ስንል ግሱ ብቻውን አድራጊ እንዳለ፣ እሱም ወንድ እንደሆነ ለልጅቷ ነግሯታል። «ምን ሆንሽ?» ግን ምንም አያቀብላትም። «ጎረቤታችን ነው አይደል?» ከተባለማ መልሱ የጠያቂው እንጂ የልጅቷ አይደለም። አንዴ በገር ከጠየቃችሁና ከሰማችሁ በኋላ ደጋግማችሁ አታስወሯት።

የሐኪም ወረቀት ላይ «የጉዳት ምልክት አልታየም» መባሉን ሰው «ምንም አልተደረገችም» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብዙ ጥቃት ምልክት አይተውም፤ የልጅ ገላ ደግሞ ቶሎ ይድናል። «ድንግልና» የሚለው ቃልም ከነጭራሹ የሕክምና ግኝት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስታውቋል። ከቱሉ ዲምቱ መሐል ከተማ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ሆስፒታል መሄዱን ለነገ አትበሉ። ናሙና የሚወሰደውም ሆነ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሳትታጠብ ትሂድ። ልብሷ በወረቀት ከረጢት ይያዝ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕግ አገልግሎቱን በአንድ ማዕከል ይሰጣል።

ዕድሜዋ 13 ዓመት ካልሞላ፣ ነገሩን «አስገድዶ መድፈር» ማለትም ያሳስታል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 መሠረት ዓቃቤ ሕግ ኃይል መጠቀሙን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ «ፈቅዳ ነው» የሚባል ነገርም የለም። ዕድሜ ግን መረጋገጥ አለበት፤ የልደት የምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

«ይከላከል» ብይን ነው። «ብይን» «በየነ» ማለትም ለየ ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው፤ ዳኛው የዓቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰምቶ፣ ካልተስተባበለ ለጥፋተኝነት የሚበቃ መሆኑን ይለያል። የማይበቃ ከሆነ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። የሚበቃ ከሆነ የመከላከያ ማስረጃው ይሰማል፤ ፍርድ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው «ተከሳሽ» እንጂ «ጥፋተኛ» አይባልም። ልጅቷንም «ተበላሸች» አትበሏት፤ «ጥቃት ደረሰባት» በሉ።