ስንፈተ ወሲብና በሐኪም የታዘዘ መሣሪያ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። በቁርባን የተጋባን ባልና ሚስት ነን። ስኳር ከያዘኝ ቆየሁ፤ ስንፈተ ወሲብም ተከተለ። ለልቤ ከምወስደው መድኃኒት ጋር ስለማይሄድ ሐኪሜ የታወቀውን ክኒን ከልክሎኝ በፓምፕ የሚሠራ መሣሪያ አዘዘልኝ፤ መጀመሪያ ለብቻህ ተለማመድበትም አለኝ። ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄዋለሁ፤ ባለቤቴ አታውቅም። ብጠቀምበት ኃጢአት ነው? ወይስ ጸበል ብቻ ልጠመቅ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመሣሪያው መጠቀምዎ ኃጢአት አይደለም። «መጋባት በሁሉ ዘንድ ክቡር፥ መኝታውም ንጹሕ ይሁን» (ዕብ. 13፥4) የተባለው ለጤነኞች ብቻ አይደለም። ስኳር ደም ሥርንና ነርቭን ስለሚጎዳ ደም እንደ ቀድሞው ሞልቶ አይቆይም። ፓምፑ በብልት ላይ የሚጠለቀውን የፕላስቲክ ቱቦ አየር ሲስበው ደም ወደ ብልቱ ይገባል፤ ከሥር የሚጠለቀው ቀለበት ደግሞ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ሥራው ይኸው ነው። በዛሬው መልኩ ያወጣው ጌዲንግስ ኦስቦን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ሰውዬው ሐኪም አልነበረም፤ ችግሩ በራሱ ደርሶበት የሠራው ነው። በአገሩ ለሕክምና የተፈቀደውም በ1982 እ.ኤ.አ. ነው።

ጸበሉንም አይተዉ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ አልቅሶ ሲጸልይ እግዚአብሔር ሰማው፤ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገ. 20፥7)። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ መድኃኒቱ አልቀረም። ስለዚህ እየተጠመቁ የስኳርና የልብ መድኃኒትዎን ይውሰዱ። «መተት ተደርጎብሃል» የሚልዎትን አይስሙ። (እንዲህ ባዮች በየጸበሉ ሞልተዋል፤ «ስኳርህ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላየሁም።)

ለብቻ መለማመዱ ግለ ወሲብ እንዳይሆንብዎት ሰግተው ይሆናል። ፓምፑን መሳብና ቀለበቱን ማጥለቅ ማውለቅ መማር የኢንሱሊን መርፌ አወጋግ ከመማር አይለይም። ሐሳብዎ ወደ ሌላ ሴት ከሄደ፣ ወይም «ይረዳል» እየተባለ በቴሌግራም የሚላከውን የራቁት ቪዲዮ ከከፈቱ ግን ሌላ ነገር ገባበት።

እኔን ያሳሰበኝ ቁም ሳጥኑ ነው። ሐዋርያው «ባል በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም፥ ሥልጣን ለሚስቱ ነው እንጂ» ይላል (1ኛ ቆሮ. 7፥4)። ባለቤትዎ ሕመምዎን ካላወቁ ምን እያሰቡ ይሆን? «ጠላኝ፣ ሌላ ለመደ» ብለው በልባቸው የሚብሰለሰሉ ስንት እናቶች ለንስሐ አባቶቻቸው ያለቅሳሉ። ዕቃውን አውጥተው ያሳዩአቸው፤ ከተቻለ ልምምዱም አብረው ይሁን። ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት እንደሌለበት እሳቸውም ይወቁ፤ ሰዓቱን የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ጥሩ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩት።

በአጽዋማትና ሥጋ ወደሙን ስትቀበሉ የምትታቀቡት እንደ ቀድሞው ነው፤ መሣሪያ ስለተገዛ የሚለወጥ ሥርዓት የለም። ባለቤትዎ ዕቃውን አይተው ቢደነግጡ ወይም ባይፈልጉት አያስገድዷቸው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱና ሐኪሙን ራሳቸው ይጠይቁት።