አዘዞ ግባ ወንድሜ

«ሥራዬ ጎንደር ፒያሳ ነው፤ አዘዞ ቤት በርካሽ አግኝቻለሁ። ሰው ግን የወታደርና የመጠጥ ሰፈር ነው፣ ቤተሰብ ይዘህ አትግባ ይለኛል» ላልከው፦ ግባ። ሁለት ልጆች ይዤ አምስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ያ ስም ከካምፑ ጋር የተጣበቀ የድሮ ወሬ ነው። ከሚያወሩት ብዙዎቹ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ካልሆነ ረግጠውት አያውቁም።

በገባን ሳምንት ባለቤቴ ታመመች። የጎረቤታችን እናት ስማችንን እንኳ ሳያውቁ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መጡ። ትንሿን ልጄን አዝለው ዋሉ። እስከ ዛሬ «አያቴ» ነው የምትላቸው። ከኪራይ የተረፈን ገንዘብ ደስ ይላል፤ እኔን ያስቀረኝ ግን ይሄ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ጠዋት ታክሲ ላይ ግፊያ አለ፣ ቀደም ብለህ ውጣ። ውኃም ይጠፋል፤ ሮቶ ያለው ግቢ ምረጥ። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት አመሻሽ ላይ ሄደህ ሰፈሩን ራስህ እየው።

ደግሞ ተራ ቦታ እንዳይመስልህ። ፋሲል ጎንደርን ሳይቆረቁር አባቱ አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ያሠራው እዚሁ አዘዞ ነው። ስትገባ ጻፍልኝ፤ ዕቃ ለማውረድ እመጣለሁ።