ለሞዴል ቀለም የመጀመሪያው ኤርብረሽ፦ የተለያዩ አባላት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የፕላስቲክ ታንክና አውሮፕላን ሞዴል እሠራለሁ፤ እስካሁን በብሩሽ ነው የምቀባው። የትኛው ኤርብረሽ (ቀለምን በአየር የሚረጭ መሣሪያ) ነው ጥሩ?

መልስ፦ የሞዴሉን መጠን፣ የቀለሙን ዓይነትና ያለህን ኮምፕረሰር ሳትነግረኝ ስም ብጠራልህ ገንዘብህን ማባከን ነው። ለጀማሪ የሚሆነው ግን የታወቀ ነው፦ ደብል አክሽን፣ የቀለም ኩባያው ከላይ የሆነ፣ ኖዝሉ (ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ) ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር።

ጥያቄ፦ ሲንግል አክሽን ለመልመድ አይቀልም?

መልስ፦ አይቀልም። በደብል አክሽን ቃታውን ስትጫኚ አየር፣ ወደ ኋላ ስትስቢ ቀለም ይወጣል፤ ጣት ቶሎ ይለምደዋል። በሲንግል አክሽን የቀለሙን መጠን እየረጨሽ መለወጥ አትችይም።

ጥያቄ፦ የምሠራው 1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) አውሮፕላን ነው። መስመሩ እንዲቀጥን 0.2 ልግዛ?

መልስ፦ የመስመር ቅጥነት ከኖዝሉ ብቻ አይመጣም፤ ቀለሙ፣ ግፊቱና ርቀቱም አሉበት። በ0.3 ኖዝል፣ ቀለሙን ከወትሮው አቅጥነህ፣ ግፊቱን ወደ 0.8 ባር አውርደህ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ተጠግተህ ብትረጭ የ1/72 ካሞፍላጅ በደንብ ይወጣል። 0.2 በቅጡ ያልተበጠበጠ ቀለም ካገኘ ወዲያው ይደፈናል።

ከቁጥሩ ይልቅ ኖዝሉ እንዴት እንደሚገጠም ጠይቅ። አንደኛው ዓይነት እንደ ብሎን ጥርስ ያለው፣ በትንሽ መፍቻ የሚታሰር ነው፤ ብዙዎቹ ርካሽ ኤርብረሾች እንዲህ ናቸው፣ የጂኤስአይ ክሬኦስ ፒኤስ-289ም እንዲሁ። ሁለተኛው ያለ ጥርስ ቦታው ላይ ይቀመጥና ከፊት ያለው ክዳን ይይዘዋል፤ የኢዋታ ኤክሊፕስ ኤችፒ-ሲኤስ (0.35) እና የሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ ኢቮሉሽን እዚህ ይመደባሉ። ጥርስ ያለው ኖዝል ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ለስላሳ ብረት ነው። ጀማሪ እንዳያፈስ ብሎ ሲያጠብቀው አንገቱ ይቆረጥና ጥርሱ ኤርብረሹ ውስጥ ይቀራል። ያንን ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥርሱን የምመክረው። ጥርስ ያለውን ከገዛህ መፍቻውን በሁለት ጣት ይዘህ፣ ሲነካ አቁም። አታጥብቅ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ኤርብረሹንም ኮምፕረሰሩንም ከዚያ ላስመጣ?

መልስ፦ ኤርብረሹን አዎ። ባጀር ወይም ፓሽ ከሆነ የቱቦው ጥርስ ስለሚለይ አዳፕተሩ አብሮ ይምጣ። ኮምፕረሰሩን ግን ተይው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቀጥታ ከሰካሽው ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ቀስ ብሎ እየዞረ ይግላል። ከዱባይ የሚመጣው በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ በየምቱ የሚስበው አየር በሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህ አነስተኛውን ሞተር አትምረጪ፤ ባለ 3 ሊትር ታንክ፣ ግፊት መቆጣጠሪያና ውሃ ማጥመጃ ያለው ይሁን።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ታንኩ ያሠራል?

መልስ፦ ባለ 3 ሊትሩ አንድ ደቂቃ ገደማ። ታንኩ የተሠራው የአየሩን ትርታ ለማለስለስ ነው።

ሌላ አባል፦ ለምን ውድ ቲነር ይገዛል? የጋራዥ ናይትሮ ቲነር ለሁሉም ቀለም ይሆናል።

ሌላ አባል፦ አይሆንም። ቫሌዮ የሚባለው ቀለም ላይ ብታደርገው ጓል ይሠራል።

የመጀመሪያው፦ ታሚያ ቀለም ላይ ግን ሠርቶልኛል፤ እንዲያውም ከራሱ ቲነር የበለጠ ይለሰልሳል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል፤ ጥያቄው ግን ስለ ኤርብረሽ ነበር። ታሚያ አክሪሊክ የላከር ቲነር ይቀበላል። ቫሌዮ በውሃ የሚሠራ ስለሆነ የራሱን ማቅጠኛ ብቻ ተጠቀሙ። የጋራዥ ቲነር ግን ቅመሙ አይታወቅም፤ ኃይለኛ ከሆነ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ የኤርብረሹን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ያሳብጣል። በናይትሮ የምትረጩ ሁሉ የካርቦን ካርትሪጅ ያለው ማስክ አድርጉ፤ የጨርቅ ማስክ ሽታውንም መርዙንም አያስቀርም።

ጥያቄ፦ ኩባያው ውስጥ አረፋ ይፈላል። ምንድን ነው?

መልስ፦ አየር ወደ ቀለሙ መንገድ እየገባ ነው። በመጀመሪያ የኖዝሉን ጫፍ አጽዳ፤ ከተደፈነ አየሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ካልቆመ ኖዝሉን በማጉያ መነጽር እይ፤ ከተሰነጠቀ ለውጠው። ካልተሰነጠቀ አፍሳሹ ጥርሱ ነው፤ በጣም ትንሽ ንጹሕ የማር ሰም ጥርሱ ላይ ቀባ፣ ቀዳዳው ውስጥ እንዳይገባ። አጥብቆ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ደግሜ እላለሁ፣ አታጥብቅ።

ጥያቄ፦ ዋጋቸው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ ሻጭን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ያነበበ ሰው አይጠይቀኝም።

ጥያቄ፦ በበጋ ቀለሙ መርፌው (በኖዝሉ ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ዘንግ) ጫፍ ላይ ይደርቅብኛል።

መልስ፦ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው። በ10 ጠብታ ቀለም 1 ጠብታ ሪታርደር (ማድረቂያውን የሚያዘገይ ፈሳሽ) ጨምሪ። የታሚያ ቀለም ከሆነ 1 እጅ ቀለም በ1.5 እጅ ቲነር፣ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.2 ባር። ጫፉ ላይ የተጠራቀመውን በቲነር በራሰ ብሩሽ ጥረጊ፤ በጥፍር አትንኪው፣ መርፌው ይታጠፋል። ቀለም ስትቀይሪ ቲነር ጨምረሽ በጨርቅ ላይ እስኪጠራ ርጪ። ማታ መርፌውን አውጥተሽ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ጥረጊ፤ በተቃራኒው ከጠረግሽ ጣትሽን ይወጋሻል። ኤርብረሹን ሙሉውን ቲነር ውስጥ አትዘፍዝፊ፣ ኦሪንጉ ያብጣል።