የበላሁት ብረት የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሥጋ እምብዛም አልመገብም፤ ጥራጥሬና አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ግን ከማዕዴ አይጠፉም። በእነዚህ ምግቦች ውስጥ ብረት የተባለው ማዕድን እንደሚገኝ አንብቤአለሁ። ሰሞኑን ያደረግሁት የደም ምርመራ ግን የብረት ክምችቴ ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ። የበላሁት የት ገባ? ምግብ እንደጨረስኩ ሻይ መጠጣቴስ ምክንያት ይሆን?

መልስ፦ ምግብ ስለተዋጠ ብቻ ወደ ሰውነት ገባ ማለት አይቻልም፤ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ከደም ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ገና ከደጅ እንደቆመ ይቆጠራል። ስኳር ይህን ግድግዳ ያለ ብዙ ችግር ያልፋል፤ ብረት ግን በጥብቅ ይፈተሻል።

ይህም የሆነው ሰውነት ትርፍ ብረትን ሆን ብሎ የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለው ነው። የአዋቂ ሰው አካል ከ3 እስከ 4 ግራም የሚደርስ ብረት ይይዛል፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ሄሞግሎቢን በተባለው የቀይ የደም ሕዋሳት ፕሮቲን ውስጥ ኦክስጅን በማጓጓዝ ሥራ ላይ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት 120 ቀን ያህል ኖረው ሲያረጁ ብረታቸው ተለቅሞ ወደ መቅኔ ይመለስና አዳዲሶቹ ይሠሩበታል፤ በቀን የሚባክነው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። መውጫው እንዲህ የጠበበ በመሆኑ ቁጥጥሩ ሁሉ መግቢያው ላይ ነው። ክምችቱ ሲሞላ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ በማመንጨት መግቢያውን ያጠብበዋል፤ ክምችቱ ሲጎድል ደግሞ ሆርሞኑ ይቀንስና መግቢያው ይሰፋል። (የሰነበተ ብግነት ያለበት ሰው ሄፕሲዲኑ ያለ ቦታው ስለሚበዛ፣ በደንብ እየበላም ሊቸገር ይችላል።)

በእርስዎ ጉዳይ የብረቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ከፊሉ ሂም በተባለ ውሕድ ታቅፎ ስለሚገኝ በቀላሉ ያልፋል። የዕፅዋቱ ብረት ግን የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ሊቀበለው ወደሚችለው መልክ አስቀድሞ መለወጥ አለበት፤ በዚያ ላይ በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውሕድ አጥብቆ ይይዘዋል። ጥራጥሬን መዘፍዘፍና ማብቀል ፋይቴቱን ይቀንሳል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ብረቱን ወደሚፈለገው መልክ ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ብርቱካን ወይም ቲማቲም ከምግቡ ጋር መብላት ይረዳል። በሌላ ሰዓት ቢበሉት ግን ለዚህ ጉዳይ ፋይዳው ኢምንት ነው።

ሻዩን በተመለከተ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። በውስጡ ያሉት ፖሊፊኖል የተባሉ ውሕዶች ከዕፅዋት ብረት ጋር ተጣብቀው እንዳይመጠጥ ያደርጉታል፤ ቡናም እንዲሁ። መተው አይጠበቅብዎትም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይበቃል።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በሻይ አያሳብቡ። ብረት የሚጎድለው ከሚገባው ይልቅ በሚፈሰው ደም ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪምዎ ይህን እንዲያጣራልዎ ይጠይቁ፤ የብረት ክኒንም ያለ ትእዛዝ አይጀምሩ።