ፎርሙላ አይታ አሲድ፣ ቤዝ፣ ጨውና ኦክሳይድ መለየት ላቃታት ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄዎን አየሁት። ልጅዎ 10ኛ ክፍል ናት፤ ፎርሙላ ተሰጥቷት «ኦክሳይድ ነው፣ አሲድ፣ ቤዝ ወይስ ጨው?» ስትባል ትደባልቃለች፤ ሕጉን በቃሏ ብታውቀውም ፈተና ላይ ይጠፋታል ብለዋል። እኔ እዚሁ ጎንደር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ቤት ለቤትም አስጠናለሁ፤ እንደ ልጅዎ የተቸገሩ ብዙ አይቻለሁ። ፎርሙላዎቹን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለን እንደምናነባቸው እጽፋቸዋለሁ።

ልጆቹን የምታሳስታቸው ያቺ አጭር ሕግ ናት፦ «በኤች ከጀመረ አሲድ፣ በኦኤች ካለቀ ቤዝ»። እኔም በፊት እንደዚያው ነበር የማስተምረው። አዘዞ የማስጠናት አንዲት ልጅ ሲ-ቱ-ኤች-ፋይቭ-ኦኤችን ቤዝ ብላ ጻፈች። ለምን ስላት «ኦኤች አለዋ!» አለችኝ። ይኼ ኢታኖል ነው፤ አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል። በማግስቱ ቀይ ሊትመስ ወረቀት፣ ማለትም ቤዝ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን መፈተኛ፣ ይዤ ሄድኩ። የኖራ ውኃ ውስጥ ስትነክረው ሰማያዊ ሆነ፤ አልኮሉ ውስጥ ስትነክረው ግን ያው ቀይ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ዝም ብላ ስታያቸው ቆየች። አቼቶ ውስጥ ያለው ሲ-ኤች-ስሪ-ሲ-ኦ-ኦኤችም በኦኤች ያልቃል፣ ግን አሲድ ነው። ውኃ፣ ኤች-ቱ-ኦ፣ በኤች ይጀምራል፤ እሱ ደግሞ ኦክሳይድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹን እርሳስ አስይዤ ፎርሙላውን ለሁለት አስከፍላቸዋለሁ፦ ራሱ (መጀመሪያው ክፍል) እና ጅራቱ (የቀረው)። ለዚህ ግን አስቀድማ ራዲካሎቹን፣ ማለትም አብረው የሚሄዱትን የአቶም ቡድኖች፣ እንደ አንድ አካል ማየት አለባት፤ ሰልፌት፣ ናይትሬት፣ ካርቦኔት፣ ፎስፌት፣ ሃይድሮክሳይድ፣ አሞኒየም። ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ኤስ-ኦ-ፎርን ስታይ «ሰልፌት» ካላለች ኦክስጅኑን ብቻ አይታ «ኦክሳይድ» ትላለች። ስድስቱን ከነቻርጃቸው (ከነፕላስ ወይም ማይነስ ቁጥራቸው) በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋ ትያዛቸው፤ ሌላው እስኪገባት አይቸኩሉ።

ከዚያ በራሱና በጅራቱ መሀል መስመሯን ታስምር። ጅራቱ ኦክስጅን ብቻ ከሆነና በጠቅላላው ሁለት ንጥረ ነገር ብቻ ካለ ኦክሳይድ ነው። ጅራቱ ኦኤች ሆኖ ራሱ ሜታል ከሆነ ቤዝ ነው። ራሱ ሃይድሮጅን ብቻ ሆኖ ጅራቱ ሰልፌት፣ ናይትሬት ወይም ክሎሪን ከሆነ አሲድ ነው። ራሱ ሜታል ወይም አሞኒየም ሆኖ ጅራቱ ኦክስጅን ብቻም ኦኤችም ካልሆነ ጨው ነው። ቤኪንግ ሶዳ፣ ኤንኤ-ኤች-ሲ-ኦ-ስሪ፣ መሀሉ ላይ ኤች ቢኖረውም ራሱ ሶዲየም ስለሆነ ጨው ነው። እንደ ኢታኖልና እንደ አቼቶው አሲድ ያሉትን ኦርጋኒክ ውህዶች ግን በዚህ መንገድ አትክፈላቸው፤ እነሱን ለብቻ ታስቀምጣቸው። አሞኒያ፣ ኤን-ኤች-ስሪ፣ ኦኤች ሳይኖረው ቤዝ ስለሆነ በቃሏ ትያዘው።

ይኼ ሁሉ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር አንድ ቅዳሜ ፋሲል ግቢ ይውሰዷት። ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲኤ-ሲ-ኦ-ስሪ ነው፤ ራሱ ካልሲየም፣ ጅራቱ ካርቦኔት፣ ስለዚህ ጨው። በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጥቶ ሲኤ-ኦ ይቀራል፤ ኦክሳይድ። ውኃ ሲፈስበት እየጮኸና እየፈላ ሲኤ-ኦኤች-ቱ ይሆናል፤ ቤዝ። ግንቡ ላይ ከተለሰነ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ እያለ ይወስድና ተመልሶ ካርቦኔት ይሆናል፤ እንደገና ጨው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የግንቡ ሠራተኞች በእጃቸው ያለፈው ይኼው ነው። ሦስቱን ፎርሙላዎች ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላ ትጻፍና መስመር ታስምርባቸው። ኖራው ላይ ውኃ ሲፈስ ካላየሁ ካለች ግን ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ጋ በሩቁ ትይ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

ኦክሳይዶችን አሲዳማና ቤዛማ ብሎ መከፋፈሉ ይቆይ። የሜታሎቹ ባብዛኛው ቤዛማ፣ የኖንሜታሎቹ ባብዛኛው አሲዳማ መሆኑን ካወቀች ለጊዜው ይበቃታል፤ የአሉሚኒየምና የዚንክ ሁለቱንም ጠባይ አላቸው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከሁለቱም የለበትም።

በቀን 10 ፎርሙላ ብቻ ይስጧት፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን መስመሩን የት እንዳሰመረች ይዩ። የተሳሳተችባቸውን ፎቶ አንስተው እዚሁ ይላኩልኝ፣ ማታ ማታ አያቸዋለሁ።